ጥቁር ሱፍ የለበሰውን ሰውዬ መልሱልን

አንድ ወዳጄ ሳሎኑ ውስጥ የሰቀላት ሥዕል አለች። ነጭ ቀሚሷ እንደ አበባ ተበትኖ፣ በአንድ እግሯ ቆማ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ቀለስ ያደረገች የባሌት ዳንሰኛ ነች። ከታች የሚፈነጥቀው የመድረክ መብራት ፊቷን አብርቶታል። እንግዳ በገባ ቁጥር «እንዴት ያለ ውበት ነው!» ይባልላታል። እኔም ብያለሁ። ሙሉውን ሥዕል አንድ መጽሐፍ ውስጥ ያገኘሁ ዕለት ግን ስንት ዓመት ሙሉ ስታለል እንደኖርኩ ገባኝ። የወዳጄ ሥዕል ጎዶሎ ነው።

ሥዕሉ የፈረንሳዊው ሰዓሊ የኤድጋር ደጋ «ኮከቧ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ገደማ ተሠርቶ በ1877 በሦስተኛው የኢምፕሬሽኒስቶች ኤግዚቢሽን ላይ ለሕዝብ ቀረበ፤ ዛሬ ፓሪስ፣ ኦርሴ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ዳንሰኛዋ ያለችው ወደ ቀኝ ዝቅ ብላ ነው። ወደ ግራ ከፍ ሲሉ፣ ከመድረኩ ማስጌጫ ጀርባ፣ ሌሎች ልጃገረዶች ቆመዋል። በመካከላቸው ደግሞ ጥቁር ሱፍ የለበሰ ወንድ አለ። ጭንቅላቱን ማስጌጫው ጋርዶታል። ፊት የለውም፤ ያለው ሱፍና እግር ብቻ ነው።

ወዳጄን «ሰውዬው የት ሄደ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ፍሬም ሠሪው ቆርጦት ነዋ! ደግ አደረገ፤ እሱ እኮ ውበቱን ያበላሸዋል» አለኝ።

የእኔም ጠብ ከዚህ አነጋገር ጋር ነው። ከወዳጄ ጋር ብቻም አይደለም፤ ደጋን ከካላንደርና ከፖስት ካርድ አውቆ «የባሌት ሰዓሊ፣ የውበት ሰዓሊ» እያለ ከሚያሞግሰው ሁሉ ጋር ነው።

ለመሆኑ ሰውዬው ማን ነው? በዚያ ዘመን የፓሪስ ኦፔራ ዳንሰኞች አብዛኞቹ የድሃ ልጆች ነበሩ። ገና በሕፃንነታቸው ይገባሉ፤ ከተማው «ትንንሽ አይጦች» ይላቸዋል። የሚከፈላቸው ከእጅ ወደ አፍ እንኳ የማይደርስ ነበር። በሌላ በኩል «አቦኔ» የሚባሉ ባለጸጎች ነበሩ። አቦኔው በዓመታዊ ክፍያው የሚገዛው ወንበር ብቻ አልነበረም፤ ከመጋረጃው ጀርባ የመግባት መብትም ነበር። በ1875 የተመረቀው አዲሱ የኦፔራ ሕንፃ ከመድረኩ በስተኋላ በወርቅ ቅብና በመስታወት ያጌጠ አዳራሽ አለው። ልጃገረዶቹ ሰውነታቸውን የሚያፍታቱት እዚያ ነው፤ ጌቶቹም ቆመው የሚያዩትና የሚመርጡት እዚያው። የተመረጠችዋ የቤት ኪራይ የሚከፍልላት፣ ለተሻለ ቦታ የሚያማልዳት ሰው ታገኛለች። ያ ሰው በጨዋ ቋንቋ «ጠባቂ» ይባል ነበር። ከምን እንደሚጠብቃት አንባቢ ይፍረድ!

«ኢምፕሬሽኒስት ያየውን ነው የሚሥለው፤ ሰውዬው በአጋጣሚ ገብቶ ይሆናል» የሚለኝ አይጠፋም። አጋጣሚማ አይደለም! ደጋ ኢምፕሬሽኒስት መባሉን ራሱ አይወደውም ነበር። ሜዳ ወጥቶ የሚሥል ሰው አልነበረም፤ በስቱዲዮው ተዘግቶ፣ ከማስታወሻና ከትዝታ እየገነባ ነበር የሚሠራው። እንደ ልቡ ከመድረክ ጀርባ የመግባት መብት እንኳ ያገኘው ይህን ሥዕል ከሠራ ከዓመታት በኋላ፣ በ1880ዎቹ ነው። «ኮከቧ»ንም በመጀመሪያ ሰሌዳ ላይ በቀለም ሥሎ ወረቀት ላይ አተማት፤ ከዚያ በፓስቴል ጠመኔ ለበጣት። በዚህ ሁሉ ደረጃ ውስጥ ሰውዬውን ማጥፋት ሲችል አላጠፋውም። ራሱን ሸፍኖ አስቀመጠው። በእነዚያው ዓመታት የወዳጁ የሉዶቪክ ሃሌቪ ድርሰት ላይ ተመሥርቶ ረጅም ባርኔጣ የደፉ ጌቶች ሁለት ዳንሰኛ እኅትማማቾችን ከመድረክ ጀርባ ሲከቡ የሚያሳዩ ብዙ ሥዕሎች ሠርቷል። ሥዕሎቹ ከድርሰቱ ጋር የታተሙት ሁለቱም ከሞቱ በኋላ ነው። እንግዲህ ነገሩን ያውቀው ነበር።

ደጋን ጻድቅ ላደርገው አይደለም። በድሬፉስ ጉዳይ ጊዜ ከአይሁድ ጠሎች ጎራ ቆሞ የዕድሜ ልክ ወዳጆቹን የሃሌቪን ቤተሰብ ሳይቀር የተለየ ሰው ነው። ለእነዚያ ልጆችም አልተሟገተላቸውም። ማሪ ቫን ጎተም የምትባለዋን የልብስ አጣቢ ልጅ በሰም ቀርጾ በ1881 ለሕዝብ ሲያሳያት፣ ሐያሲዎቹ ከእንስሳ ጋር እያመሳሰሉ ተሳለቁባት። በዓመቱ ልጅቱ ከኦፔራው ተባረረች፤ ከዚያ ወዲያ ዱካዋ ጠፋ። ቅርጿ ግን ከሰዓሊው ሞት በኋላ በነሐስ እየተባዛ ዛሬ የየሙዚየሙ ኩራት ነው።

«ታዲያ ሰዓሊው እንዲህ ከሆነ ሥዕሉን ጣለው» ይሉኛል ሌሎች ደግሞ። አልጥልም! ሰዓሊው አዝኖም ይሁን ተሳልቆ፣ ያን ጥቁር ሱፍ እዚያ አቁሞታል፤ ነጩ ቀሚስ እንደዚያ የሚያበራው ከጀርባው ጥቁሩ ስላለ ጭምር ነው። የልጅቷን አንገት አስተውላችሁ እዩት፤ የታሰረበት ሪባን ጥቁር ነው፤ ጫፉ ከኋላዋ ይውለበለባል። ሰውዬው ተቆርጦ ሲወጣ ይኸ ሪባን ተራ ጌጥ ይሆናል። ሙሉው ሥዕል ላይ ግን ዓይን ከሪባኑ ተነሥቶ ወደ ሱፉ ይሄዳል፤ ከሱፉም ተመልሶ ወደ አንገቷ ይመጣል። ወዳጄ «ውበቱን ያበላሸዋል» ያለው ይህንን ነው። ውበቱ ምን ከፍሎ እንደመጣ ማየት ስለማይፈልግ ነው እንጂ!

ባለፈው ወር ሙሉውን ቅጂ ገዝቼ ወሰድኩለት። አመሰገነኝ፤ አገላብጦ አየው፤ «አሁን ያለው ፍሬም አይበቃውም» አለኝ። እስካሁን እንደተጠቀለለ ቡፌው ላይ ተቀምጧል።