ኮልችሲንና ክላሪትሮማይሲን በአንድ ሆድ አይገናኙ!

ወገኖቼ! ሪህ ሌሊት ሲነሳበት ኮልችሲን የሚውጥ ሰው በየቤታችን አለ። ያው ሰው ጨጓራው ሲያቃጥለው ይመረመርና ኤች ፓይሎሪ የሚባል የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘበት ተብሎ ክላሪትሮማይሲን ያለበት መድኃኒት ይታዘዝለታል። ሁለቱም ለየብቻ ፈዋሾች ናቸው። አብረው ሲወሰዱ ግን ሰው ይገድላሉ።

ማጋነን አይደለም። የሆንግ ኮንግ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ሁለቱን አንድ ላይ ከወሰዱ 88 ሕሙማን 9ኙ ሞተዋል፤ በተለያየ ጊዜ ከወሰዱት 28ቱ የሞተው 1 ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ኮልችሲንን በተለመደው መጠን እየወሰዱ ከሞቱ 117 ሰዎች 60ዎቹ ክላሪትሮማይሲንም ይወስዱ እንደነበር አስታወቀ። ልብ በሉ፦ እነዚህ ከመጠን በላይ የዋጡ አይደሉም!

ክላሪትሮማይሲን ሰውነት ኮልችሲንን የሚያስወግድባቸውን መንገዶች ይዘጋል፤ ኮልችሲኑም እየተጠራቀመ መርዝ ይሆናል። መጀመሪያ ተቅማጥና ትውከት ይመጣል፤ ቤተሰብም «የበላው ምግብ ነው» ብሎ ይዘናጋል። ከዚያ ጡንቻ ይዝላል፣ መቅኔ ደም መሥራት ያቅተዋል። የኩላሊት እጥበት እንኳ ኮልችሲንን ከሰውነት አያወጣም። ኩላሊቱ ወይም ጉበቱ የደከመ ሰው ደግሞ የባሰ አደጋ ላይ ነው። ኤሪትሮማይሲን የተባለው መድኃኒትም እንደ ክላሪትሮማይሲን ኮልችሲን እንዲጠራቀም ያደርጋል። የሚያንገበግበው፣ ለጨጓራው ባክቴሪያ ክላሪትሮማይሲን የሌለበት ሕክምና መኖሩ ነው።

እንግዲህ እንነሳ! ፋርማሲስቶች ሆይ፣ ክላሪትሮማይሲን ከመስጠታችሁ በፊት «ለሪህ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» በሉ፤ ጥያቄው ብር ከመቁጠር ያነሰ ጊዜ ነው የሚወስደው። ያለ ማዘዣ የምትሸጡም እጃችሁን ሰብስቡ። ሐኪሞች፣ በሽተኛው ከሌላ ክሊኒክ ምን እንደታዘዘለት ሳትጠይቁ አትጻፉ። በውጭ አገር ያላችሁ ልጆች፣ ለአባታችሁ ኮልችሲን በሻንጣ ስትልኩ ማስጠንቀቂያውንም በስልክ አስረዱት። የእድር ዳኞች፣ በወር ስብሰባችሁ ሁለቱን ስሞች ጮክ ብላችሁ አንብቡ። እኛም ሕክምና ስንሄድ የምንውጠውን ሁሉ ከነማሸጊያው ይዘን እንቅረብ።

ሁለቱን አብሮ እየወሰደ ያስቀመጠው ወይም ያስታወከው ሰው ካለ ነገን አይጠብቅ፤ ማሸጊያዎቹን ይዛችሁ አሁኑኑ ሆስፒታል አድርሱት።