ሁለት ማሊያ የለበሰ ሰው ከዳተኛ ነውን?

ስለ እግር ኳስ ሲከራከሩ ከሰማኋቸው ወጣቶች አንዱ «ለሁለት ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ ሰው ለአንዱም አልታመነም» ብሎ ፈረደ። ጓደኞቹም በሳቅ አጸደቁለት። የፈረደባቸውም ለሁለቱ የአይርላንድ ቡድኖች የተጫወቱት ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ዕድሜዬን በሙሉ የተማሪ ጠብ ስዳኝ የኖርሁ መምህር ነኝና፥ ከመፍረዴ በፊት ጠቡን ማን እንደ ጀመረው መጠየቅ ልማዴ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን ከሥሩ ተመልከት። (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።) በ1880 ቤልፋስት ላይ የተመሠረተው የእግር ኳስ ማኅበር ደሴቲቱን በሙሉ ያስተዳድር ነበር። በ1921፥ አገሪቱ ለሁለት በምትከፈልበት ሰሞን፥ የደብሊኑ ሸልበርን በዋንጫው ግማሽ ፍጻሜ ቤልፋስት ላይ ከግሌናቨን ጋር እኩል ወጣ። ድጋሚው በደብሊን ሊደረግ ሲገባው ማኅበሩ አሁንም በቤልፋስት ይሁን ብሎ አዘዘ፤ ሸልበርንም አልሄድም አለ። በዚያው ዓመት ደብሊኖች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ለጠቡ ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ነገር ግን ሽማግሎች በሜዳ ተኰራርፈው ዕዳውን ለልጆች ማውረሳቸው አዲስ ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያስቃል፥ ያሳዝናልም። ሁለቱም ማኅበሮች ቡድናቸውን «አይርላንድ» ብለው ይጠሩ፥ ተጫዋችም ከወሰኑ ወዲህና ወዲያ ይመርጡ ነበር። የማንቸስተር ዩናይትድ አምበል የነበረውን የደብሊን ተወላጅ ጆኒ ኬሪን ተመልከት። ቅዳሜ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1946 ቤልፋስት ላይ ለአንደኛይቱ አይርላንድ ተሰልፎ በእንግሊዝ 7 ለ 2 ተሸነፈ። ሰኞ ደብሊን ላይ ለሁለተኛይቱ አይርላንድ ተሰልፎ በዚያችው በእንግሊዝ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ቢል ጎርማንም እንዲሁ ሁለቱንም ተጫውቷል። «ሁለት ባላ ትከል፥ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለውን ተረት የሚጠቅሱባቸው አሉ፤ በሦስት ቀን ሁለት ሽንፈት ለመቀበል ባላ የሚተክል ሰው ግን እኔ አላየሁም!

ኮን ማርቲንማ የባሰ ደረሰበት። በ1941 በጌሊክ እግር ኳስ ከደብሊን ቡድን ጋር የሌንስተርን ዋንጫ አሸንፎ ሳለ፥ «የባዕድ ጨዋታ» ተጫውተሃል ተብሎ ሜዳሊያውን ለብዙ ዓመታት ተከለከለ። ይኸው ሰው በ1949 ሊቨርፑል ከተማ፥ ጉዲሰን ፓርክ ላይ፥ የደብሊኑ አይርላንድ እንግሊዝን 2 ለ 0 ባሸነፈ ጊዜ የመጀመሪያውን ግብ በፍጹም ቅጣት ምት አገባ። አምበሉም ኬሪ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ አገሩን አልወደደም የምንለው።

እርግጥ ነው፥ ለ1950ው የዓለም ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ማርቲንን ጨምሮ አራት ተጫዋቾች ለሁለቱም ቡድን መሰለፋቸው ሥርዓት አልነበረም። ይህን አልክድም። ሥርዓት ያጐደሉት ግን ጠሪዎቹ እንጂ ተጠሪዎቹ አልነበሩም። የደብሊኑ ማኅበር ለቤልፋስት እንዳይሰለፉ ቃል እንዲገቡለት ተጫዋቾቹን ያስጨንቅ ጀመር። ማርች 1950 ቤልፋስቶች ከዌልስ ጋር ባዶ ለባዶ ከተለያዩ በኋላ የደቡብ ልጆች ለሰሜን መጫወታቸው ቀረ። ፊፋም በ1953 በውድድሮቹ ውስጥ ሁለቱም «አይርላንድ» በሚለው ስም ብቻ እንዳይጠሩ ወሰነ።

ይህ ሁሉ የግድ ነበርን? አልነበረም። በራግቢ ሰሜንና ደቡብ ዛሬም በአንድ ቡድን ይሰለፋሉ፤ ወሰኑም ያው ነበረ።

ነገሩም በ1950 አላበቃም። በ1998ቱ ስምምነት የሰሜን ተወላጅ አይርላንዳዊ፥ ብሪታንያዊ ወይም ሁለቱንም መሆን ተፈቀደለት፤ የስፖርቱ የግልግል ፍርድ ቤትም በ2010 የቤልፋስቱን ማኅበር አቤቱታ ውድቅ አደረገ። ይሁን እንጂ የዴሪው ልጅ ጄምስ ማክሊን በወጣትነቱ ለሰሜን ተጫውቶ በ2012 ለደቡብ በተጠራ ጊዜ ስድብና ዛቻ ወረደበት። ሕጉ ተለውጦ ስድቡ አልተለወጠም።

ያንን የፈረደ ወጣት ጠርቼ፥ ኬሪ ቅዳሜ ነው ሰኞ ለየትኛይቱ አይርላንድ እንቢ ማለት የነበረበት ብዬ ጠየቅሁት። እስካሁን አልመለሰልኝም።