የካሮት ሳሙና በዓይን አይመጠንም

በዚህ ወር የማወራችሁ ስለ ወጥ ሳይሆን ስለ ሳሙና ነው። ምግብ ቤት ያላት ሴት ሳሙና ውስጥ ምን ጥልቅ አደረጋት እንዳትሉ፤ ካሮቱ የወጣው ከእኔው ማድ ቤት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ግሪንቤልት ነው የምንኖረው። እሁድ እሁድ ሩዝቬልት ሴንተር የገበሬዎች ገበያ ሲቆም ከልጄ ጋር ብቅ እንላለን። ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። አንድ እሁድ ካሮት እየመረጥን ሳለ፣ በካሮት የተሠራ ሳሙና በስልኳ አሳየችኝና «ማሚ፣ እኛም እንሥራ» አለችኝ። ልጅ በዚህ ዕድሜዋ «አብረን እንሥራ» ስትል እምቢ ይባላል? እሺ አልኳት።

እንግዲህ እኔ ለሁለት መቶ ሰው ምስር ወጥ ስሠራ ሚዛን አላውቅም። ዘይቱን በዓይኔ፣ በርበሬውን በእጄ ነው የምመጥነው። ልጄ ዘይቱን በሚዛን መዘነች። ካሮቱ ላይ ስንደርስ ግን «ካሮት ምን ይጎዳል?» ብዬ የፈጨሁትን አንድ ትልቅ ኩባያ ገለበጥኩበት። ከኮስቲክ ሶዳውም ተርፎ የነበረውን «አይባክን» ብዬ አራገፍኩት። «ማሚ፣ ግራሙ!» ስትል «ዝም በይ፣ እጄ ያውቃል» አልኳት። ከዚያ እንዲሞቀው ብዬ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ተኛን።

ጠዋት ስንነሳ ሳሙናው አብጦ፣ መሀሉ ተሰንጥቆ፣ ከቅርጽ ማውጫው ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሷል። የስድስት ዓመቱ ልጄ ለካ ቀድሞን ተነስቷል። «ኬክ!» ብሎ ጣቱን ዘርግቷል። እህቱ ሮጣ እጁን ቀለብ አደረገችው። አልነካውም፣ ተመስገን። እኔ ግን ያን ቀን ምግብ ቤቱን የከፈትኩት ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ከእናንተም መካከል ቤት ውስጥ ሞክራችሁ የተበላሸባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ምሳ ልትበሉ ስትመጡ ትነግሩኛላችሁ። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ከልጄ ጋር የተማርነውን ላካፍላችሁ።

ሳሙና ማለት ዘይትና ኮስቲክ ሶዳ ተዋህደው የሚወልዱት ነገር ነው። ልኩ ከተጠበቀ ሶዳው በሙሉ ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ ያልቃል፣ የሚያቃጥል ነገር አይቀርም። ልኩ ካለፈ ግን ሶዳው ሳሙናው ውስጥ ተደብቆ ይቀመጥና ቆዳ ይልጣል። አትክልቱ ደግሞ ሁለት ነገር ይዞ ይገባል፤ ውሃና ስኳር። ካሮት ከመቶው 88 ያህሉ ውሃ ነው። ስኳሩ ሊጡን ያግለዋል። የእኔ ሳሙና ያበጠው ለዚህ ነው፤ ካሮቱ በዝቶበት፣ በዚያ ላይ ብርድ ልብስ ደረብኩለት!

ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ምን አስቸገረሽ? እኛ በእንዶድ አይደል እንዴ ነጠላውን የምናነጣው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ግን እንዶድና ካሮት አንድ አይደሉም። የእንዶድ ፍሬ ደርቆ ሲፈጭ አረፋ የሚያወጣ ነገር በራሱ ውስጥ አለው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉት እነዚያ ናቸው። ሴቶቹ በእጃቸው የሚያውቁትን እሱ ቤተ ሙከራ ወስዶ መረመረው፣ ለካው። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙበት። ካሮት ግን በራሱ አያጥብም። ለሳሙናው የሚሰጠው በዋናነት ቀለም ነው፤ የሚያጥበው ዘይቱና ሶዳው የወለዱት ነው።

አሁን እኛ የምንሠራበት ልክ ይኸው። የወይራ ዘይት 350 ግራም፣ የኮኮናት ዘይት 150 ግራም፣ ንጹህ ኮስቲክ ሶዳ 70 ግራም፣ ውሃ 100 ግራም፣ ተቀቅሎ ልሞ የተፈጨና በወንፊት ያለፈ ካሮት 50 ግራም። ዘይት ከቀየራችሁ የሶዳው ልክም ይቀየራል፤ በሳሙና ማስያ አስሉት። ካሮቱ የሚቆጠረው እንደ ውሃ ነው፤ ስለዚህ ካሮት ስትጨምሩ ያንኑ ያህል ከውሃው ትቀንሳላችሁ። ውሃው ግን በምንም ዓይነት ከሶዳው ክብደት ማነስ የለበትም፣ ያለዚያ ሶዳው አይሟሟም። ካሮቱን ከዘይቱ ጋር ቀላቅሉት። ሶዳው የሟሟበት ውሃና ዘይቱ ሁለቱም ወደ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ (100 ፋራናይት) ሲበርዱ አዋህዷቸው፤ እንደ ቀጭን ሽሮ ሲወፍር ቅርጽ ማውጫው ውስጥ አፍስሱት።

አሁን ወደ ችግሮቹ።

ካበጠና ከተሰነጠቀ፣ ግሎበታል ማለት ነው። ጓንት አድርጋችሁ ልብሱን ግለጡለት፣ ቀዝቃዛ ቦታ ውሰዱት፣ ከተነሳ በማማሰያ ዝቅ አድርጉት። በሚቀጥለው ጊዜ ሳትሸፍኑ አንድ ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፤ ከምግብ ለይታችሁ፣ ምን እንደሆነ ጽፋችሁበት።

አልጠነክር ካለና ከቅርጹ አልወጣ ካለ፣ ውሃ በዝቶበታል፤ ብዙ ጊዜ ካሮቱ ሳይቆጠር ቀርቶ ነው። ሳምንት ታገሱት። ከዚያ ጥቂት ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አስገቡትና አውጡት። እኛ ሌላውን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት እናደርቃለን፤ እንዲህ ያለውን ግን እስከ ስምንት ሳምንት ነፋስ በሚያገኘው መደርደሪያ ላይ እናቆየዋለን።

ዘይቱ ከላይ ከተንሳፈፈ፣ በደንብ አልተዋሃደም። ሁሉም በሚዛን የተለካ ከሆነ መዳኛ አለው። ለሳሙና ብቻ በለያችሁት፣ አሉሚኒየም ባልሆነ ድስት በዝግተኛ እሳት እንደ ገንፎ እስኪሆን እያማሰላችሁ አብስሉትና እንደገና ቅርጽ አስይዙት። በግምት የተሠራ ከሆነ ግን መዳኛ የለውም። ምን ያህል ሶዳ እንዳለበት ካላወቃችሁ ምን ጨምራችሁ ታስተካክሉታላችሁ? ጓንት አድርጋችሁ በድርብ ፕላስቲክ አስራችሁ ጣሉት። ይቆጫል፤ እኔም ጥያለሁ።

ላዩ ላይ ስስ ነጭ አቧራ ከታየ አትደንግጡ፤ ሶዳው ከአየር ጋር ተገናኝቶ የሚሠራው ነው፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ስትቆርጡት ውስጡ ነጭ እንክብል ካለበት ወይም የሚያቃጥል ፈሳሽ ካንጠባጠበ ግን ያልተዋሃደ ሶዳ ነው፤ ቆዳ አይንካ።

ቡናማ ነጠብጣብ ካወጣ፣ ወይ ካሮቱ አልላመም፣ ወይ ዘይቱ ከርሟል። እየከረመ የሚሸት ከሆነ ዘይቱ ነው። የአትክልት ቁራጭ ውስጡ ቀርቶ ከሻገተ ይጣላል። የተከተፈ ወይም የተፈቀፈቀ ካሮት ለጌጥ ብላችሁ አትነስንሱበት።

ቀለሙ ከጠፋ፣ የመረጣችሁት አትክልት ነው። ቀይ ስር ሶዳ ሲነካው ቡናማ ይሆናል፤ የቆስጣም አረንጓዴ አይከርምም። ካሮትና ዱባ ግን ቢጫነታቸውን ይይዛሉ። ፀሐይ ላይ አታድርጓቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ሳሙናችሁን ለበዓል ባዛር ልትሸጡ ብታስቡ «የቆዳ በሽታ ይፈውሳል» ብላችሁ አትጻፉበት። እንዲህ ካላችሁ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሳሙናውን እንደ መድኃኒት ነው የሚያየው።

ልጆችስ? ልጆች ካሮት ይጠቡ፣ ይመዝኑ፣ የሚደርቅበትን ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ ያክብቡ፣ ሲደርቅ በወረቀት ይጠቅልሉ። ኮስቲክ ሶዳው ሲከፈት ግን ትንንሾቹ ከማድ ቤት ይውጡ፤ ሊጡም እስኪጠነክር ድረስ እጃቸው የማይደርስበት፣ የሚቆለፍ ቦታ ይቀመጥ። አዋቂው ጓንትና ዓይን የሚሸፍን መነጽር ያድርግ፣ መስኮት ይክፈት። ሁልጊዜ ሶዳው ነው ወደ ውሃው የሚጨመረው፤ ውሃ ሶዳው ላይ ከፈሰሰ ፈልቶ ይረጫል። በሻይ ኩባያ ወይም በውሃ ጠርሙስ ፈጽሞ አታስቀምጡት። ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ አቸቶ አትቀቡ፤ በሚወርድ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ እጠቡ። ልጅ ከቀመሰው እንዲያስመልስ አታድርጉ፤ አፉን አጥባችሁ ወዲያው ወደ መርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ1-800-222-1222 ደውሉ፣ አስተርጓሚም ጠይቁ። መተንፈስ ካቃተው ወይም ራሱን ከሳተ 911 ነው።

እኛ ሁለተኛውን ሳሙና የሠራነው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ልጄ ሚዛኑን ያዘች፣ እኔ አማሰልኩ። መቼ እንደሚወፍር፣ መቼ ማማሰል እንደሚበቃ እጄ ያውቃል፤ ግራሙን ግን የምታነበው እሷ ናት። አንዴ ትንሽ ካሮት ልጨምር እጄን ስሰነዝር ዓይኗን አጉረጠረጠችብኝ። መለስኩት።

በስድስተኛው ሳምንት ታናሽ ወንድሟ ወረቀቱን ራሱ ጠቀለለ፤ በላዩም በአማርኛ «ሳሙና ነው፣ አይበላም» ብሎ ጻፈበት። «ሳሙና»ን በ«ሠ» ነው የጻፈው፤ አላረምኩትም። አንዱን ለአያቱ በሰው ልከንላታል። እሷም ደውላ «ያጥባል፤ ግን ለነጠላዬ ያው እንዶዴን አልተውም» ብላኛለች።

በሚቀጥለው ወር ወደ ወጣችን እንመለሳለን። ደህና ክረሙ።