ከማርሚታው በፊት ጓደኛው!



ዛሬ የምናወራው ስለ ሞተር ሳይክል ነው። «እናንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ?» የምትሉን አትጠፉም። ነገር ግን በየከተማው ያሉ ወጣቶቻችን በእረፍት ቀን አምስት ስድስት ሞተር ሆነው ከከተማ ወጣ ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። ሞተራቸውን ያሳምራሉ፣ አንዱን አውልቀው ሌላውን ይገጥማሉ። አባቶች ይቆጣሉ። ወጣቶቹ በአባቶች ቁጣ ይከፋሉ። እኛ ደግሞ ከሰላት በኋላ የሁለቱንም ወገን ስሞታ የምንሰማ ሰዎች ነን። ስለዚህ የሚመስለንን ሳንሸፋፍን እናስቀምጥ።

ከጓደኛ ጋር ሞተር ነድቶ አገር ማየት መልካም ነገር ነው፤ የሚያስነውር ነገር የለበትም። ነገር ግን ሞተር ላይ የሚጨመር ዕቃ ሁሉ ከመገዛቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ ይህ ማንን ይጠቅማል? ከኋላህ የተቀመጠውን ሰው፣ ከጎንህ የሚነዳውን ወንድምህን፣ መንገድ ዳር የሚሄደውን እግረኛ የሚጠቅም ከሆነ ይቅደም። ለመታየትና ለመሰማት ብቻ ከሆነ መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ ባይመጣም አይጎድልብህም።

ነገሩን ለማስረዳት ከሩቅ አገር አንድ ታሪክ እናንሳ።

ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1974 በጀርመን ኮሎኝ ከተማ በተካሄደ ኤግዚቢሽን ላይ «ጎልድ ዊንግ» የተባለ ትልቅ ሞተር ለሕዝብ አሳየ። 999 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ጉልበቱን ወደ ኋላ ጎማ በሰንሰለት ፈንታ በዘንግ የሚያስተላልፍ ነበር። ለረጅም መንገድ የተፈጠረ የሚመስል ሞተር ነው። ሲመጣ ግን ራቁቱን ነው የመጣው፤ የንፋስ መከላከያም ሆነ የዕቃ ሳጥን አልነበረውም። በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ላይ ቀኑን ሙሉ መንዳት የፈለገ ሰው ደረቱን ለንፋስ ሰጥቶ፣ ሻንጣውን በገመድ ጠፍሮ መሄድ ነበረበት።

ነጂዎቹ ታዲያ የጎደለውን ራሳቸው መሙላት ጀመሩ። ክሬግ ቬተር የተባለ አሜሪካዊ ዲዛይነር «ዊንድጃመር» የሚባል የንፋስ መከላከያ ይሠራ ነበር፤ ብዙዎች እሱን ገዝተው ገጠሙ። ሌሎች አምራቾችም የጎን ሳጥን፣ ሰፊ ወንበር፣ ከኋላ ለሚቀመጠው ሰው የጀርባ መደገፊያ አቀረቡ። እንዲህ ያለውን ሥራ የሞከረ ያውቀዋል፤ ለብቻ አይገፋም። አንዱ ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው ብሎን ያጠብቃል፤ ሽቦ የሚያውቀው መብራቱን ያያይዛል። ቅዳሜ ለሥራ የተገናኘ ሰው እሁድ አብሮ መንገድ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1977 በአሪዞና የጎልድ ዊንግ ነጂዎች ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ ብዙ ነገር ሠርቷል፤ የማሽከርከር ሥልጠናም ይሰጥ ነበር። እኛን ከሁሉ የገረመን ግን ለአባላቱ ያሳትመው የነበረው የስም መዝገብ ነው። አባላት በየከተማቸው ተዘርዝረዋል። ከስልክ ቁጥራቸው ጎን ደግሞ መንገድ ላይ ለተቸገረ አባል ምን ማድረግ እንደሚችሉ ተጠቁሟል፦ ይኼኛው የመጠገኛ ዕቃ አለው፣ ያኛው የተበላሸ ሞተር የሚጭን መኪና አለው፣ ሌላው ግቢው ውስጥ ድንኳን ማስተከል ይችላል። ከቤቱ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ሞተሩ የቆመበት ሰው፣ ኪሱ ውስጥ በማያውቀው ከተማ የሚደውልለት ሰው ነበረው ማለት ነው።

ከዚያ ፋብሪካው ራሱ ነቃ። እ.ኤ.አ. በ1980 የንፋስ መከላከያውንና ሳጥኑን ገጥሞ የሚሸጥ ሞዴል አወጣ። በ1988 ስድስት ሲሊንደር አድርጎ ወደ ኋላ የሚሄድበት መሣሪያ ጨመረለት። የ2006 ሞዴል ደግሞ በግጭት ጊዜ የሚነፋ ኤርባግ ይዞ መጣ፤ ለገበያ በሚመረት ሞተር ሳይክል ላይ የመጀመሪያው ነበር። በገንዘብ የሚገጠም ነገር ሁሉ ተገጠመ ማለት ይቻላል። ፋብሪካው ሊሸጥ ያልቻለው ያንን መዝገብ ብቻ ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2022 ተዘጋ። ነገር ግን አንዳንድ ቅርንጫፎች በራሳቸው ስም መሰባሰባቸውን ቀጠሉ፤ ያገናኛቸው ዕቃው ቢሆንም ያቆያቸው መረዳዳታቸው ነበርና።

አሁን ወደ እኛ እንመለስ።

የኛ ወጣቶች ጎልድ ዊንግ የላቸውም። ያላቸው ቦክሰር ነው፣ ቲቪኤስ ነው፤ ለሥራ ተብሎ የተገዛ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ዕቃና ሰው ሲያመላልስ የሚውል ሞተር። እሁድ ለጉዞ ሲዘጋጅ ምን ይጨመርበታል? ብዙ ጊዜ የምናየው እንዲህ ነው፦ ማርሚታው ይቆረጣል ወይም በሚጮህ ይቀየራል፤ ዓይን የሚያጠፋ ነጭ መብራት ይደረደራል፤ ስፖኪዮው «ያስጠላል» ተብሎ ይፈታል። ከኋላ ለሚቀመጠው ሰው ሄልሜት ግን የለም።

ስለ ማርሚታው «ጩኸቱ ያድነናል፤ መኪና ከሩቅ ይሰማናል» የሚል መከራከሪያ አለ። እስቲ እናስብበት። የማርሚታው አፍ የሚያየው ወደ ኋላ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያሰጋህ ደግሞ ፊት ለፊትህ ያለው፣ መስኮቱን ዘግቶ ከመገንጠያ ላይ የሚታጠፈው መኪና ነው። እሱ ጩኸትህን አጥርቶ ሲሰማ አንተ አጠገቡ ደርሰሃል። ጩኸትህን ከሁሉ በላይ የሚሰማው ከኋላህ የሚነዳው ጓደኛህ፣ ቤት ውስጥ የተኛው ሕፃንና አልጋ ላይ ያለው በሽተኛ ነው። ጎረቤትን ማስቸገር ምን እንደሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

መብራቱም እንዲሁ ነው። ትንሽ ሞተር የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ልክ አለው። ከልኩ በላይ ስትጭንበት ባትሪው ይደክምና ማታ ላይ በጣም የሚያስፈልግህን የፊት መብራት ያሳጣሃል። ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ካጠፋህ ደግሞ ወደ አንተ የሚነዳው የማያይ ሰው ነው።

የስፖኪዮው ነገር ግን ከሁሉም በላይ ያሳዝነናል። በቡድን ሲነዳ ስፖኪዮ ማለት ጓደኛህ መኖሩን የምታውቅበት ዓይንህ ነው። እሱን የፈታ ሰው ከኋላው ያለው ወንድሙ ቢወድቅ፣ ጎማው ቢተነፍስ፣ ቢቀር አያውቅም። አሥር ኪሎ ሜትር ሄዶ ሻይ ቤት ሲቆም ነው «እገሌስ?» የሚለው። አብሮ መውጣት ማለት ይኼ ነው እንዴ?

ታዲያ ምን ይቅደም? የሚመስለንን በቅደም ተከተል እንናገር።

አንደኛ፣ ሁለተኛው ሄልሜት። ለራስህ ያለህን ማለታችን አይደለም፤ ከኋላህ ለሚቀመጠው ወንድምህ ወይም እህትህ የሚሆነውን ነው። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ግምገማ ሄልሜት በሞተረኞች ላይ የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ማሰሪያው ካልታሰረ ግን ሰውየው ሲወድቅ ሄልሜቱ ለብቻው ይሄዳል። ክርን ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት የሚያድነው ክርንን ነው።

ሁለተኛ፣ ጎማና ፍሬን። የተላጠ ጎማ ይዞ ማርሚታ የሚገዛ ሰው ቤቱ እያፈሰሰ በር ቀለም የሚቀባ ሰው ነው። ሁለት ሆናችሁ ስትወጡ የጎማው ነፋስ በሞተሩ መመሪያ ላይ ለሁለት ሰው በተጻፈው ልክ ይሞላ።

ሦስተኛ፣ ጠንካራ የዕቃ መጫኛ። ከባዱን ዕቃ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ወደ መሃል አስጠግታችሁ እሰሩ። ከኋላ ጎማው አልፎ ከፍ ብሎ የተጫነ ከባድ ዕቃ የፊት ጎማውን ያቀልለዋል፤ ያን ጊዜ ዳገትና ጥምዝ ላይ መሪው አልታዘዝ ይላል።

አራተኛ፣ የጋራ ዕቃ። ሁሉም ሁሉንም መግዛት የለበትም። አንዱ የጎማ መጠገኛና መንፊያ፣ አንዱ መፍቻና ትርፍ ካንዴላ፣ አንዱ የቁስል ማሸጊያና ፋሻ፣ አንዱ ገመድና ባትሪ ይያዝ። እንዲህ ሲሆን ወጪው ይቀንሳል፤ ከዚያ በላይ ግን አንዱ ያለ ሌላው መሄድ አይችልም። ወዳጅነት የሚጠነክረው እንዲህ ስንፈላለግ ነው።

ዕቃው ይህን ያህል ከተባለ፣ የአነዳዱ ሥርዓትም አለ። ሦስት ሆኖ የሚጓዝ ሰው ከመካከሉ አንዱን አሚር እንዲያደርግ ከሱና የተማርነው ለሞተር ጉዞም ይሠራል። አሚሩ ከፊት ይንዳ። ልምድ ያለው ሌላ ሰው መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ማንንም አልፎ አይሂድ። አዲሱና ደካማው ከአሚሩ ቀጥሎ ይሁን፤ ፍጥነቱን የሚወስነውም እሱ ነው። ጎን ለጎን አትንዱ፤ አንዱ በግራ ሌላው በቀኝ ፈንጠር ብሎ፣ በመሃል በቂ ርቀት ይኑር። መቆሚያውና የሰላት ሰዓቱ ከመነሳታችሁ በፊት ይታወቅ።

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በደንገጎ የወጣ ሰው የምንለውን ይረዳል። ከታች ሙቀት ነው፤ ከላይ ብርድ አለ፣ አንዳንዴም ጉም። መንገዱ ጥምዝምዝ ነው፤ የጭነት መኪናው ብዙ ነው። እዚያ ላይ «ማን ይቀድማል» የተባባለ ቡድን ጓደኝነቱን በአንድ ጥምዝ ሊቀብር ይችላል። ከታች በቲሸርት የተነሳውም ላይ ሲደርስ በብርድ እጁ ደንዝዞ ፍሬን መያዝ ያቅተዋል። ጃኬትና የዝናብ ልብስ እንግዲህ የቅንጦት ዕቃ አይደለም።

አሁን ደግሞ ለአባቶቻችን አንድ ቃል አለን። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር መውጣቱን ሁሉ «ዱርዬነት» አትበሉት። ወጣት ከባልንጀራ ጋር መሆን ይፈልጋል። በመንገድና በእጅ ሥራ ካልተገናኘ የት እንደሚገናኝ እናንተም ታውቁታላችሁ። ልጁ ሞተሩን ሲፈታ አጠገቡ ቁሙና «ፍሬኑንስ አየኸው?» በሉት። ከቁጣ ይልቅ ይኼ ይሰማል።

ለወጣቶቹም አንድ ነገር እናስታውስ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የሞተር እንቅስቃሴ ሲገደብ የተሰጠው ምክንያት በሞተር የሚፈጸም ወንጀል ነበር። የጥቂቶች ጥፋት በሞተር እንጀራውን ለሚበላው ሁሉ ተረፈ። በየከተማችሁ ስማችሁን የምትሠሩት እናንተው ናችሁ። በየሳምንቱ እየጮኸ የሚያልፍ ቡድን፣ ነገ እገዳ ሲመጣ የሚከራከርለት ጎረቤት አያገኝም።

«ገንዘቡ የኔ ነው» የሚል ወንድም ካለ፣ አዎ የአንተ ነው። ይዩልኝ ብለህ ያወጣኸው ግን ያየልህ ሰው ጥግ ሲታጠፍ ያበቃል። ለጓደኛህ ሄልሜት ያወጣኸው ከእናቱ ዱዓ ጋር ይኖራል።

በመጨረሻ፣ ያንን መዝገብ አትርሱ። እኛ አገር ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም። ደረሳ ኪታቡን ይዞ ከሸይኽ ወደ ሸይኽ፣ ከአገር ወደ አገር ሲዞር የማያውቀው ሰው አሳድሮና አብልቶ ነው ዒልም እዚህ የደረሰው። ዛሬ ስልክ በእያንዳንዳችሁ እጅ አለ። የየከተማው ሞተረኞች ስም ይጻፍ፤ ማን መካኒክ ነው፣ ማን የጭነት መኪና አለው፣ ማን ቤት ማደር ይቻላል፣ ማን ደም ለመስጠት ዝግጁ ነው፤ ከነስልኩ። በዚህ ሳምንት ማርሚታ ልትገዛ ያሰብክ ወንድሜ፣ ገንዘቡን ለሁለተኛው ሄልሜት አድርገውና መዝገቡን አንተ ጀምረው።

አላህ መንገዳችሁን ያሳምርላችሁ፤ ወጥታችሁ በሰላም የምትገቡ ያድርጋችሁ። ሞተር ላለው ወዳጃችሁ አድርሱት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።