ባለ ዓምዱ ቤትና ዕዳው

እኔና ባለቤቴ በማኅበር ባገኘናት ቦታ ላይ ቤት ከጀመርን ሁለት ዓመት አልፎናል። ጣሪያው ወጥቷል፤ ገንዘቡ ግን ከጣሪያው በፊት አልቋል። ይህ ሆኖ ሳለ ባለቤቴ በረንዳው ፊት ስድስት ዓምዶች፣ ግንበኛው «ኮለን» የሚላቸው፣ ካልቆሙ ቤት አይባልም ይላል። እኔ ደግሞ ማድ ቤቱ መስኮት ይውጣለት እላለሁ። በዚህ ክርክር መሀል ነው እንግዲህ አክስቴን ለሕክምና ይዤ ወደ ሕንድ አገር፣ ወደ ሃይደራባድ ከተማ የሄድኩት።

የምርመራው ውጤት እስኪደርስ ሁለት ቀን ጠብቁ ተባልን። አክስቴም «ቁጭ ብለሽ ፊቴን ከምታዪ ውጪና አገሩን እዪ» ብለው አባረሩኝ። እኔም ዝናውን ስሰማ ወደ ቆየሁት ወደ ፈለክኑማ ቤተ መንግሥት አመራሁ። ስሙ በኡርዱ ቋንቋ የሰማይ መስታወት እንደ ማለት ሲሆን፣ «ፈለክ» የሚለውን ቃል እኛም የምናውቀው ነው። ቤቱ ከታዋቂው ከቻርሚናር አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኮረብታ ላይ ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የቅንጦት ሆቴል ስለሆነ ዘው ተብሎ አይገባም፤ አስቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል። ለአንድ ስኒ ሻይ ቦታ ያዝኩ። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ ባለቤቴም ይህን ጋዜጣ ያነባል።

ደረጃው ሥር ቆማችሁ ቀና ስትሉ የጥንት ግሪክንና ሮማን አሠራር የተከተሉ ዓምዶች በሁለት ደርብ ተደርድረው ይታያሉ። እውነቱን ለመናገር ያምራሉ። ባለቤቴ ባለመኖሩ ደስ አለኝ። ውስጡ እምነ በረድ ነው፤ ደረጃው፣ ጣሪያው ላይ የተሣለው ሥዕል፣ የመጻሕፍቱ ክፍል፣ ሁሉም ዓይን ይይዛል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የምግብ አዳራሹ ነው። አንድ መቶ አንድ ሰው ባንድ ጊዜ የሚያስቀምጥ አንድ ረጅም ገበታ ተዘርግቷል። ሌላው ጎብኚ ፎቶግራፍ ሲያነሣ እኔ ያሰብኩት ያን ሁሉ ሳህን ማን እንደሚያጥበው ነበር።

ይህን ቤት ያሠሩት ኒዛም ይባሉ የነበሩት የሃይደራባድ ገዥዎች አይደሉም። ኋላ የግዛቲቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ቪቃር ኡል ኡምራ የተባሉ ባላባት ናቸው። የመሠረቱ ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1884 ተጥሎ ሥራው ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። እምነ በረዱ ከጣሊያን መጣ። የቀረውን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ክፍል ሲያልቅ ሌላው ይጀመራል፣ ይህ ካልተለጠፈ ያ አያምርም ይባላል፣ በዚህ ወር ያበቃል የተባለው ለከርሞ ያድራል። ባላባቱ ጥሪታቸው አልበቃ ብሏቸው ዕዳ ውስጥ ገቡ።

እንደሚነገረው መላውን ያመጡት ሚስታቸው ናቸው። ወይዘሮዋ የዚያን ጊዜው ኒዛም የመህቡብ ዓሊ ኻን እኅት ነበሩ። ወንድማቸው በእንግድነት እንዲጠሩ ባላቸውን መከሩ። ኒዛሙ መጡ፣ ቤቱን ወደዱት፣ የሚቆዩበትንም ቀን አራዘሙ። ያን ጊዜ ባላባቱ ቤቱን እንዳለ በእጅ መንሻነት አቀረቡላቸው፤ ኒዛሙም ተቀብለው ለግንባታው የወጣውን ገንዘብ ከፈሉ። ዕዳው ተነሣ።

አስጎብኚውን ወጣት የወይዘሮዋ ስም ማን ነበር ብዬ ጠየቅሁት። «ሌዲ ቪቃር ኡል ኡምራ» አለኝ። ያው የባላቸው ስም ነው። ዘጠኝ ዓመት የተደከመበትን ቤት ትተው ሲወጡ ምን ተሰምቷቸው ይሆን እያልኩ ሳስብ ውዱ ሻዬ ቀዘቀዘ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ የኒዛሞች እንግዳ ማረፊያ ሆነ። ሃይደራባድ እ.ኤ.አ. በ1948 ከሕንድ ጋር ከተቀላቀለች በኋላ ግን ቀስ በቀስ ተዘግቶ ለብዙ ዓመታት አቧራ ለበሰ። መልሰው ያነሡት ደግሞ ሌላ ሴት ናቸው፤ የቱርክ ተወላጇ ልዕልት እስራ። እኒህ ሴት እ.ኤ.አ. በ2023 ካረፉት ከኒዛሞቹ ወራሽ ከሙካራም ጃህ ጋር ከተፋቱ ከዓመታት በኋላ የቀድሞ ባላቸውን የቤተሰብ ንብረት ለማዳን ተመልሰው መጡ። ታጅ ከተባለው የሆቴል ድርጅት ጋር አሥር ዓመት ያህል የፈጀውን እድሳት በበላይነት ተከታተሉ። የፈታችኝ ምን አገባት ሳይባል፣ ፈትቼው ምን አገባኝ ሳይሉ ማለት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ከኒዛሞቹ ፈረሰኛ ዘበኞች መካከል ከአፍሪካ የሄዱ ሰዎች ነበሩ። ዘሮቻቸው የሚኖሩበት ሰፈር እስከ ዛሬ በዘበኞቹ ስም ይጠራል። ሕንዶቹ እንዲህ ያሉትን ሰዎች «ሀብሺ» ይሏቸዋል፤ ቃሉ ሐበሻ ከሚለው የመጣ ነው። ከበረንዳው ቁልቁል የተጨናነቀውን የአሮጌውን ከተማ ጣሪያ ስመለከት፣ የነዚያ ዘበኞች ሚስቶች የት የት ልብስ ያሰጡ ነበር እያልኩ ነበር።

የአክስቴ ውጤት ደህና ሆኖ ተመለስን። ማታውኑ ስለ ወይዘሮዋ ለባለቤቴ ነገርኩት። «የአንቺ ወንድም ኒዛም ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ነገር ግን በማግስቱ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ተቀመጠ። የማድ ቤቱ መስኮት ባለፈው ቅዳሜ ተከፈተ። ስድስቱ ዓምዶችም ሁለት ሆነዋል፤ ስለ ሁለቱ ገና አልተስማማንም።