«ፈንግል ነው» ብሎ ዝም ማለት ይብቃ

መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ የሚሸሹ የውሃ አዕዋፍ ወደ ጣና ሐይቅና በዙሪያው ወዳሉት ረግረጋማ ሜዳዎች ይጎርፋሉ። በፎገራ፣ በደራ፣ በሊቦ ከምከምና በደንቢያ ወረዳዎች የሩዝ ማሳና የሐይቅ ዳርቻ እየተመገቡ እስከ የካቲትና መጋቢት ይሰነብታሉ። ለሐይቁ ጌጥ፣ ለጎብኚም መስህብ ናቸው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ እንግዶች ጋር በርድ ፍሉ እየተባለ የሚጠራው የወፍ ጉንፋን አብሮ ሊመጣ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ዛሬ ዓለምን የሚያሳስበው ኤች 5 ኤን 1 የተባለው የበሽታው ዝርያ እ.አ.አ በ1996 በቻይና ጓንግዶንግ ግዛት በእርባታ ዝይዎች ላይ ተገኘ። በ2005 በዚያው አገር በቺንጋይ ሐይቅ የዱር አዕዋፍን በብዛት ገደለ። በዓመቱ በ2006 አፍሪካ ገብቶ በናይጄሪያና በግብፅ፣ ከዚያም በጎረቤት ሱዳንና ጅቡቲ ታየ። በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ኤች 5 ኤን 8 የተባለው ሌላው ዝርያ በኡጋንዳ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ፣ በዱር አዕዋፍና በቤት ዶሮዎች ላይ ሞት አስከትሏል። በሽታው ለሰውም ይተርፋል። እ.አ.አ ከ2003 ወዲህ በኤች 5 ኤን 1 መያዛቸው በዓለም ጤና ድርጅት ከተመዘገቡ ከ900 በላይ ሰዎች መካከል ግማሽ ያህሉ ሞተዋል። አብዛኞቹ የተያዙት የታመመ ወይም የሞተ ዶሮ በመንካት ነው።

የውሃ አዕዋፍን አስቸጋሪ የሚያደርጋቸው ሳይታመሙ በሽታውን ሊሸከሙ መቻላቸው ነው። አንድ ዳክዬ ጤነኛ መስሎ እየበላና እየዋኘ ቫይረሱን በኩሱ ወደ ውሃው ይጥላል። ቫይረሱ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለሳምንታት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ያንን ውሃ የጠጣች ዶሮ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ልትሞት ትችላለች።

በዚህ የተነሳ ሌሎች አገሮች ቁጥጥራቸውን የሚያጠብቁት የዱርና የቤት አዕዋፍ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ፈረንሳይን መጥቀስ ይቻላል። በዚያ አገር አዳኞች በድምፃቸው የዱር ዳክዬን የሚጠሩ ለማዳ ዳክዬዎችን ያረባሉ። እነዚህ ወፎች በአደን ወቅት ከዱር አዕዋፍ ጋር በአንድ ኩሬ ይውሉና ተመልሰው ከባለቤታቸው ግቢ ይገባሉ። በመሆኑም ባለቤቶቹ እንዲመዘገቡ ይገደዳሉ፤ የበሽታው ስጋት ሲያይል ደግሞ ወፎቹን ማጓጓዝና ለአደን ማሰማራት ይገደባል። በእንግሊዝና በዌልስም እ.አ.አ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ከቤት ውጭ የምትውል አንዲት ዶሮ ብቻ ያለችው ሰው እንኳ የመመዝገብ ግዴታ አለበት።

በጣና ዙሪያ ለአደን የሚረባ ዳክዬ የለም። ድልድዩ ግን አለ። እሱም ጠዋት ከቆጥ ወርዳ በደጅ፣ በማሳና በውሃ ዳር ስትለቃቅም ውላ ማታ ሰው ከሚያድርበት ቤት የምትገባው የገበሬው ዶሮ ናት። በአገር አቀፍ ደረጃ ከ50 ሚሊዮን በላይ ዶሮ እንዳለ ይገመታል፤ አብዛኛው በዚህ መልክ የሚኖር የአገር ዝርያ ነው። ቁጥጥሩ መጀመር ያለበትም ከእሷ ነው።

እዚህ ላይ ትልቁ እንቅፋት የመሣሪያ እጥረት ብቻ አይደለም። ዋናው እንቅፋት የተለመደ አንድ ቃል ነው። ዶሮዎች በድንገት ሲያልቁ ገበሬው «ፈንግል ነው» ይላል፤ ጎረቤቱም «እኛም ቤት ገብቷል» ይላል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። የወፍ ጉንፋንና ፈንግል ደግሞ በዓይን ሲታዩ እጅግ ይመሳሰላሉ። በሁለቱም ዶሮዋ ትደብራለች፣ መተንፈስ ያቅታታል፣ ተቅማጥ ይይዛታል፣ እንቁላል ታቆማለች፣ በድንገትም ትሞታለች። የኩክኔዋ መጥቆርና የፊቷ ማበጥ የወፍ ጉንፋንን ሊጠቁም ቢችልም ለይቶ የሚናገረው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ፈንግል እየተባለ ዝም የሚባለው እያንዳንዱ የጅምላ ሞት ለሌላው በሽታ መደበቂያ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ከፈንግል ክትባት ይጀምራል። ክትባቱ እዚሁ አገር፣ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ በመሆኑ ጎረቤታሞች በአንድ ቀን ተሰባስበው ማስከተብ ይችላሉ። ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛው ዶሮውን ከፈንግል ያድናል። ሁለተኛው ብዙም አይነሳም፤ በአግባቡ የተከተበ መንደር ውስጥ ዶሮ በጅምላ ሲሞት «ፈንግል ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ያኔ ሞቱ ራሱ የማስጠንቀቂያ ደወል ይሆናል።

ገበሬው ዝም የሚለው ባለማወቅ ብቻ ነው ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ሞት ሲጀምር የተረፉትን ዶሮዎች ወደ ገበያ ማውጣት ወይም ማረድ ከኪሳራ ማምለጫ ሆኖ ይታየዋል። ቢያመለክት የቀሩት ዶሮዎቹ ይወገዳሉ ብሎ ይፈራል። የእንቁላል ገንዘብ የእማወራዋ የጨውና የዘይት፣ የልጆች የደብተር ገንዘብ መሆኑን የሚያውቅ ሰው በዚህ ፍርሃት አይፈርድም። ነገር ግን ከታመመ መንደር ወደ ገበያ የወጣች አንዲት ዶሮ በሽታውን በአንድ ቀን ወደ ብዙ ቀበሌ ታደርሳለች። የአንድ ቤት ኪሳራ የወረዳ ኪሳራ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ስለሆነም ከወረዳ አመራሮች የሚጠበቀው ገበሬውን «አመልክት» ብሎ ማሳሰብ ብቻ አይደለም። ማመልከት የማያስጎዳ መሆኑን በተግባር ማሳየት አለባቸው። ዶሮዎች እንዲወገዱ ቢወሰን ባለቤቱ ምን እንደሚካስ ከዞንና ከክልል ጋር ተነጋግሮ መወሰን የሚገባው በሽታው ሳይገባ ነው። ናሙና መውሰጃና በረዶ የሚይዝ ሳጥን ከመስከረም በፊት በየሐይቅ ዳር ወረዳው መገኘት አለበት፤ ሙቀት ያገኘው ናሙና ውጤት ሊሰጥ አይችልምና። ናሙናው ወደ ባሕር ዳር ወይም ሰበታ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በምን መኪና፣ በማን ኃላፊነት እንደሚሄድም አስቀድሞ ይታወቅ። ከሁሉ በላይ ውጤቱ ወደ ገበሬው ይመለስ። ናሙና ሰጥቶ መልስ ያጣ ሰው ሁለተኛ አይጠራም።

ሌላም መታረም ያለበት ነገር አለ። ስለ ዶሮ በሽታ በቀበሌ ስብሰባ የሚነገረው በአብዛኛው ለአባወራዎች ነው። የታመመችውን ዶሮ መጀመሪያ የምታየው ግን እማወራዋ ናት፤ በሐይቅ ዳር የወደቀ ዳክዬ የሚያገኘውም እረኛው ልጅ ነው። የልማት ጣቢያና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተቀናጅተው እነዚህን ሊያገኟቸው ይገባል። ትምህርት ቤቶችም መልእክቱን ማስተላለፍ ይችላሉ።

ገበሬው ሊይዘው የሚገባው ጥቂትና ቀላል ነው። በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ብዙ ዶሮ ከሞተ፣ ወይም በአንድ ቦታ ብዙ የውሃ አዕዋፍ ሞተው ከተገኙ፣ በዚያው ቀን ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር። የሞተውን በባዶ እጅ አይንኩ፤ ለውሻ ወይም ወደ ውሃ አይጣል፤ ባለሙያው እስኪደርስ ተሸፍኖ ይቆይ፤ ናሙና ከተወሰደ በኋላ በጥልቅ ይቀበር። እጅ በሳሙና ይታጠብ። የታመመ ዶሮ አይታረድ፣ አይሸጥ። ዶሮዎች ከውሃ ዳር ርቀው በግቢ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ይጠጡ።

የዱር አዕዋፉን ማባረር ወይም መግደል ግን መፍትሔ አይደለም። የተባረረ ወፍ በሽታውን ይዞ ወደ ሌላ ሜዳ ይበተናል እንጂ አይጠፋም። ጥበቡ መንገዳቸውን ማወቅና ዶሮን ከእነሱ መለየት ነው።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። አዕዋፉ በየዓመቱ መምጣታቸው አይቀርም። በሽታው አብሯቸው ቢመጣ መንደር ውስጥ እንዳይዛመት የሚያደርገው በመጀመሪያው ቀን የሚናገር ገበሬና በዚያው ቀን የሚደርስ ባለሙያ ነው። ወረዳዎች ይህን ዝግጅት አዕዋፉ ሳይመጡ፣ በክረምቱ ወራት ሊያጠናቅቁት ይገባል።