የአል-ሐምራእ ግድግዳ ምን ይላል?



ውድ አንባብያን፣ በዚህ ወር የማካፍላችሁ ከባለቤቴና ከአሥር ዓመት ሴት ልጃችን ጋር ወደ ደቡብ ስፔን፣ ወደ ግራናዳ ያደረግነውን ጉዞ ነው። ከሩቅ አገር የተመለሰ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሆቴሉ እንዴት ነበር?» ተብሎ ነውና ከዚያው ልጀምር።

ያረፍነው መሐል ከተማ በሚገኝ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ነበር። አልጋው ንጹሕ፣ ባለቤቲቱም ደግ ነበሩ። የተቸገርነው በቁርስ ነው። የቀረበልን ሁሉ የአሳማ ሥጋ ያለበት ሆነ። እኛ ይሉኝታ ይዞን ስንተያይ ልጃችን ቀድማ «እኛ ይህን አንበላም» አለች። ሴትዮዋ አልተቀየሙም። ከማግስቱ ጀምሮ እንቁላል፣ ዳቦና የወይራ ዘይት ለብቻ አዘጋጁልን። ስለዚህ ከቤተሰብ ጋር የምትጓዙ ሁሉ፣ ገና በደረሳችሁበት ምሽት ሳታፍሩ ተናገሩ።

በከተማው ውስጥ ኮራል ዴል ካርቦን የሚባል ጥንታዊ ሕንፃ አለ። በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በሙስሊሞች ዘመን የተሠራ ፉንዱቅ ነው። መንገደኛ ነጋዴ ሸቀጡን ምድር ቤት አስቀምጦ እርሱ ፎቅ ላይ ያድርበት ነበር። ዐረቦች ዛሬም ሆቴልን ፉንዱቅ ይሉታል።

በማግስቱ ወደ አል-ሐምራእ ወጣን። ስሙ «ቀይዋ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1238 ግንባታውን ያስጀመረው የናስር ሥርወ መንግሥት መሥራች ሙሐመድ ኢብን አል-አሕመር ነው። ወደ ቤተ መንግሥቶቹ የሚገባበት ሰዓት ትኬቱ ላይ ተጽፏል፤ የዘገየ አይገባም። የአንበሶቹ አደባባይ 124 ዓምዶች፣ በመካከሉም ፏፏቴውን የተሸከሙ 12 የዕብነ በረድ አንበሶች አሉት። ጎብኚው ፎቶግራፍ እያነሳ ይጣደፋል።

እውነቱን ለመናገር እኔ የሄድኩት ለመቆጨት ነበር። ግራናዳ በአንዳሉስ የመጨረሻዋ የሙስሊሞች መንግሥት ነበረች፤ እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 1492 ለካስቲል ነገሥታት ተሰጠች። ለልጄም «ይህ ሁሉ የኛ ነበር፤ ተነጠቅን» አልኳት። እርሷ ግን ግድግዳው ላይ በየቦታው የተደጋገመውን ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች ታነብ ነበር፦ «ወላ ጋሊበ ኢለላህ»። ከአላህ በቀር አሸናፊ የለም ማለት ነው።

«አባዬ፣ እንዲህ ከሆነ ታዲያ ለምን ትናደዳለህ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ታሪኩን መለስ ብዬ ሳስበው ይበልጥ አፈርኩ። ኢብን አል-አሕመር የካስቲል ንጉሥ ገባር ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1248 የሙስሊሞች ከተማ የነበረችው ሴቪል እንድትያዝ ወታደር ይዞ ረድቷል። ሲመለስ ሕዝቡ «አሸናፊው!» እያለ ቢቀበለው ያንን ቃል መለሰ ተብሎ ይተረካል። የናስር ነገሥታት መፈክር የሆነው ይኸው ቃል ነው። አንዳሉስን ያዳከማት የውጭ ጠላት ብቻ አልነበረም።

እዚያው ግቢ ውስጥ ውድ ሆቴል አለ። አቅማችን ስላልፈቀደ ከደጁ አየነው። ቦታው ቀድሞ የናስር ቤተ መንግሥት፣ ኋላም የፍራንሲስካውያን ገዳም ነበር። ግራናዳን የተረከበችው ንግሥት ኢዛቤላ እ.ኤ.አ. በ1504 ስትሞት የተቀበረችው እዚህ ነው። በ1521 አፅሟ ወደ ሌላ ቦታ ተወሰደ። የተሸነፉትም ያሸነፉትም ቦታውን ለቀው ሄደዋል፤ ዛሬ በተራው ቱሪስት ያድርበታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዱንያ ላይ እንደ መንገደኛ እንድንኖር የመከሩን ትዝ አለኝ።

አመሻሹ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 በተከፈተው የአልባይሲን መስጊድ ሰገድን። ከአትክልት ቦታው አል-ሐምራእ ከፊት ለፊት ይታያል። ልጄ «እኛም ነገ ሆቴሉን እንለቃለን አይደል?» አለችኝ። «አዎ፣ ኢንሻአላህ» አልኳት። ቁጭቴ ቀለል ብሎኝ ነበር።